የጎርፉ ተራ

«ወንድ የሌለው ቤት ጎርፍ አይጠልፍም። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም፤ የአባቶቻችን ነው» አሉ አጎቷ ሰላሁዲን፣ ዶማውን ከዚነት እጅ ለመቀበል እየተጠጉ።

ዚነት ዶማውን አለቀቀችም። ተራሮቹ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ነጎድጓድ ነበር። ደጋው ዘንቧል ማለት ነው፤ ጎርፉ ቀትር ሳይሆን ቆቦ ሜዳ ይደርሳል። ገበሬው በየተራው ከወንዙ በቦይ እየጠለፈ ማሳው ላይ ያስተኛዋል። አንዴ ጠጥቶ የጠገበ መሬት ማሽላውን ያደርሳል። አምና ግን ደመናውም ጎርፉም ጠፋ። አባቷና ታላቅ ወንድሟ በረሃብ የሞቱትም ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ተራችን ዛሬ ነው። ካመለጠን ዘሩ አፈር ውስጥ ቀረ ማለት እኮ ነው።»

«ታዲያ ለዚህ አይደል ላግባት ያለው የዋጃው ሰውዬ አርብ ይምጣ ያልኩት? በዚህ ዘመን ሁለት በሬ ተርፎለታል። ኒካው ይታሰርና ተራችሁን እሱ ይጠብቃል። አሥራ አራት ዓመት ሞላሽ፣ ምን ቀረሽ?»

ስድስተኛ ክፍል ቀረኝ ልትል ነበር፤ ዋጠችው። አጎቷ ክፉ ሰው አይደሉም። በዚያ መዓት ጊዜ ያላቸውን ቆሎ ለእሷና ለእናቷ አካፍለዋል። የሚያናድዳትም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር።

ሌላም ጭንቅ ነበረባት። ረሃቡ ሲጠና የጠፋው የወር አበባዋ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ። እናቷ ውዱ፣ ገና አቅም ያላገኘችው፣ ከመደቡ ቀና ብላ «አልሐምዱሊላህ፣ ገላሽ ተመለሰ» አለችና አለቀሰች። ሰፈሩ ግን ደም ያየች ሴት ቦይ አፍ ላይ ከቆመች ጎርፉ ሸሽቶ መሄጃውን ይቀይራል ይላል።

ዶማዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። አጎቷ እየተቆጡ ተከተሏት። ቦዩ አፍ ላይ ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ አባ ሞላ፣ ከወንዶቹ ጋር ቆመዋል።

«ዚነት፣ ማን ላከሽ?»

«ተራችን ነዋ የላከኝ፣ አባ።»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። አባ ሞላ አልሳቁም።

«ንጹሕ ነሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

ሳቁ ቆመ። አዎ ብትል ማን ያውቃል? ማንም። ግን ዋሽታ ገብታ ጎርፉ በሌላ ምክንያት ቦዩን ቢሰብር፣ ዕድሜዋን ሙሉ በእኔ ነው እያለች ልትኖር ነው። ባይሰብርም ነገ ሌላዋ ልጅ ይኸንኑ ትጠየቃለች። ሐፍረት ፊቷን አጋለው።

«አይደለሁም» አለች። «ዛሬ ጠዋት መጣብኝ። ረሃቡ ወስዶብኝ ነበር፤ ዝናቡ ሲመለስ እሱም ተመለሰ። አባ፣ አምና አንዲትም ሴት ቦዩን አልረገጠችም። ጎርፉ መጣ?»

አባ ሞላም አምና ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ወዲያው ውሃው እያጓራ፣ ጭራሮውን እየገፋ ብቅ አለ።

«ዶማውን ዝቅ አድርገሽ ያዢ» አሏት አባ ሞላ። «የቦዩን አፍ የዘጋውን አፈር ከሥሩ ቁረጪው። ከላይ ከጀመርሽ ጠርጎ ይወስድሻል።»

ዚነት ወረደች። ከሥሩ ቆረጠች። ውሃው ጉልበቷን ሲመታት ተንገዳገደች፤ ዶማውን ተደግፋ ቆመች። ጎርፉ የትም አልሸሸም። ዞሮ ወደ ማሳቸው ገባ፤ የተሰነጠቀው መሬት እየተንጨረጨረ ሲጠጣ ደስታው እንባዋን አመጣው።

«በይ ይበቃሻል፣ ውጪ» አሉ አጎቷ ከዳር ሆነው። ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቷል። «የቀረውን እኔ እጨርስልሻለሁ።»

«ማሳው እስኪጠግብ እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ወደ ዋጃ ሰው ይላኩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

ዚነት ጎንበስ ብላ ሌላ አፈር ቆረጠች።

«የዚህ ቤት ተራ ጠባቂ አለው ይበሉልኝ።»