ፓስፖርቱ ላይ የተመታው ማኅተም

ሐጂ ጉሌድ ሐሙስ ጠዋት ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ፍየሉ የጠፋችበት ሰው ነው፤ መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ጋላባት ከሚያገናኘው ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ቁጥቋጦ ሥር። ማጅራታቸውን በድንጋይ ተመትተዋል። ኪሳቸው ውስጥ ከፓስፖርታቸው በቀር ምንም አልነበረም።

«የሶማሊላንድ ነው» አለ ኮማንደር ስንታየሁ ፓስፖርቱን እያገላበጠ። «ባንዲራ አላቸው፣ ገንዘብ ያትማሉ፣ መሪ ይመርጣሉ። አብዛኛው ዓለም ግን እስከ ዛሬ አገር ናችሁ አላላቸውም። ይኸው ደግሞ የጋላባት ማኅተም፤ የረቡዕ። ትናንት ተሻግረው ሲመለሱ ነው የተገደሉት። ገዳይዋም ተይዛለች።»

«ተይዛለች?» አለች ኢንስፔክተር አይናዲስ። ጥድፊያ አትወድም።

የተያዘችው ታንጉ ናት፤ ሟቹ ሦስት ሳምንት ያረፉበት የእትዬ አሰበች አልቤርጎ አልጋ አንጣፊ። ስልካቸው ፍራሿ ሥር ተገኘ። ታንጉ ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ፣ ወባ ጥሏት እዚሁ የቀረች የሃያ ዓመት ልጅ ነች፤ የሚጮህላት ዘመድ የላትም። ልክ በስድስት ሰዓት መኪና ወደ ገንዳ ውኃ እስር ቤት ይወስዳታል። እዚያ አንዴ ከገባች ደግሞ ማን መዝገቧን መልሶ ይከፍታል? አይናዲስ ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ታንጉ እጇ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

«ስልኩን ከየት አመጣሽው?»

«ራሳቸው ሰጡኝ እትዬ! ማክሰኞ ሲመሽ ‹ባትሪው አልቋል፣ ኩሽና ቻርጅ አድርጊልኝ› ብለው ወጡ። በዚያው ቀሩ። እንዳይሰረቅብኝ ነው የደበቅሁት።»

«ረቡዕስ አላየሻቸውም?»

«አላየሁም። አልጋቸውም እንዳነጠፍሁት ነበር። ለእትዬ አሰበች ብነግራቸው ‹ልጁን ፍለጋ ተሻግሮ ይሆናል› አሉኝ። ሐጂ በዚህ በኩል ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ የጠፋ ልጅ አላቸው።»

አይናዲስ የሟቹን ክፍል ፈተሸች። ሻንጣቸው ውስጥ ልብስ፣ የልጃቸው ፎቶ፣ ቁርኣን። ቁርኣኑ መሐል ሁለት የታጠፉ ነጭ ወረቀቶች፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የጋላባት ማኅተም፣ አንዱ እዚህ በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላው በሁለተኛው የተመታ። ፓስፖርቱን አወጣች። እዚያ ውስጥ ያለው የጋላባት ማኅተም የረቡዑ ብቻ ነው። ወረቀቶቹንም ስልኩንም ያዘች።

እትዬ አሰበችን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው።

«ረቡዕ የት ዋሉ?»

«ሥራ ጥዬ የት እሄዳለሁ ልጄ? እዚሁ ነበርሁ። ምስክር አምጪ ካልሽኝ ድስቴን ጠይቂው!»

ሐጂን ወደ ድልድዩ የሚያመላልሳቸው ባለባጃጁ ጀይሉ ነበር። «ሁለት ጊዜ አድርሻቸዋለሁ። ደግ ዙል፣ ደግ ሰው ነበሩ። ረቡዕ ግን ባጃጄ ተበላሽታ ከሥሯ ተኝቼ ዋልሁ።»

«ማን አየህ?»

«እግሬን ያየ ይኖራል እንጂ ፊቴንማ ማንም አላየው!»

ሦስተኛው የሰሊጥ ነጋዴው አቶ አንዱአምላክ ነው፤ ልጁን በማፈላለግ ሐጂን ሲረዳ የሰነበተ፣ ከተማው የሚያከብረው ሰው። «እኔን እንኳ ተዪኝ» አለ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። «ማክሰኞ ማታ ቤቴ ተኛሁ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ገንዳ ውኃ ለቅሶ ሄጄ፣ እዚያው አድሬ፣ ዛሬ ጠዋት ገባሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ይመሰክራል። ምስኪን ሐጂ!»

አይናዲስ ከዚያ ወጥታ በእግሯ ወደ ድልድዩ ወረደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የጋላባቱን የኬላ ሹም አስጠርታ ፓስፖርቱንና ወረቀቶቹን አሳየችው፤ ስልኩንም ከፍታ አንድ ነገር አስደመጠችው። ስትመለስ ኮንስታብል ቸሩን በጆሮው አናግራ ላከችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም የአልቤርጎው በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። መኪናው ደጅ ቆሞ ሞተሩ ያጓራል። ታንጉ በካቴና እንደታሰረች ከዳር ቆመች።

«ቶሎ በይ» አለ ኮማንደሩ።

«ሐጂ ረቡዕ ተሻግረዋል ያልነው በዚህ ማኅተም ነው» አለች አይናዲስ። «ከዚህ ማኅተም ሌላ ማስረጃ የለንም፤ ረቡዕ ያያቸው አንድም ሰው የለም። አልጋቸውም አልተነካም። ጠዋት አስከሬኑን ያየው ጤና ባለሙያም ከሞቱ ሁለት ሌሊት የሆናቸው ይመስላል ብሎ ነበር፤ እኛ ሙቀቱ ነው አልነው። ማኅተሙ ውሸት ከሆነ የሞቱት ማክሰኞ ማታ ነው።»

«ውሸት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«እነዚህ።» ሁለቱን ወረቀቶች ዘረጋች። «የጋላባት ኬላ የሐጂን ፓስፖርት መትቶ አያውቅም። ‹ፓስፖርቱን መታነው ማለት አገሩን አወቅንለት ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ያን እንድናደርግ አልታዘዝንም› አለኝ ሹሙ። ሰውየውን ግን መመለስ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ማኅተሙን በተነጠለ ወረቀት ላይ መትተው ያሳልፏቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ገዳዩ ይህን አላወቀም። ኬላው የሌላውን ሰው ሁሉ ፓስፖርት እንደሚመታ፣ እሱም የእርሳቸውን መታው።»



«ሞታቸውን ወደ ረቡዕ ማሸጋገር ለማን ይጠቅማል? ለታንጉ? ረቡዕ ብቻዋን ነበረች። እትዬ አሰበች ከድስታቸው፣ ጀይሉ ከባጃጁ ሌላ ምስክር የላቸውም። ለረቡዕ ድንኳን ሙሉ ምስክር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አንዱአምላክ ተነሣ። «እፈሪ እንጂ! እኔ ልጁን ሳፈላልግላቸው የሰነበትሁ ሰው!»

«ልጁን በረሃ የሰደዱት እርስዎ ነዎት። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሐጂ ከሱዳኗ ገዳሪፍ በዐረብኛ የድምፅ መልእክት ደርሷቸዋል፤ ሹሙ ተረጎመልኝ። ‹ልጅህን የጫነው ያ የሰሊጥ ነጋዴ፣ አንዱአምላክ ነው› ይላል። ሰምተው በቀጥታ ወደ እርስዎ መጡ። ከገደሏቸው በኋላ ስልኩን ከኪሳቸው ሲያጡት ጨንቆዎት ነበር አይደል? ቸሩ፣ አሳያቸው!»

ቸሩ ከአንዱአምላክ መጋዘን፣ ከሰሊጥ ጆንያ መሐል ያወጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ቀኑ የሚዞር የሐሰት የጋላባት ማኅተም፣ አሁንም ረቡዕን እንዳመለከተ። ስደተኛ ሲያሻግር የሚጠቀምበት ነው።

አንዱአምላክ ቁጭ አለ። «ለፖሊስ እነግራለሁ አለኝ» አለ። «ቤቴን፣ ልጆቼን...»

«የእሳቸውስ ልጅ?»

«በረሃ ቀርቷል። ሾፌሮቹ ውኃ አለቀብን አሉኝ። ድሮ ነው የሞተው።»

«ኡኡ!» አሉ እትዬ አሰበች። የልጁን ሞት እያወቀ ሦስት ሳምንት አብሯቸው ሲያፈላልግ ሰንብቷል ማለት ነው።

ኮማንደሩ ካቴናውን ከታንጉ እጅ ፈትቶ አንዱአምላክን አሰረበትና መኪናው ላይ አስጫነው። ከዚያ አቀርቅሮ ወደ ልጅቷ ተመለሰ።

«ይቅር በይኝ። በቃ፣ ነፃ ነሽ፤ ሂጂ።»

ታንጉ አልሄደችም።

«ሐጂን ዛሬ መቅበር አለብን» አለች። «ደግሞም በዚህ ሙቀት...»

«አስከሬኑን በፊርማ ነው የምናስረክበው። ዘመድ ያስፈልጋል፤ ዘመድ ደግሞ እዚህ የላቸውም።»

«እኔን ጻፉኝ።»

«ምናቸው ብዬ?»

«ልጃቸው» አለች ታንጉ።

ኮማንደሩ አይናዲስን አያት፤ እሷ ቅጹን አቀበለችው። ብዕሩን አውጥቶ እንደተባለው ጻፈ። ታንጉ ፈረመች፤ ጀይሉም ለቀብሩ ሰው ሊጠራ ወደ መስጊድ ሮጠ።