የአህያው ሰዓት

አህያው እምቢ አለ።

ራሕዋ ጆይስቲኩን ወደ ቀኝ ተጫነችው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሰውዬ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ወደ ቀኝ ሄደ፤ አህያው ግን ጅራቱን አንዴ ወዝወዝ አድርጎ ወደ ግራ ዞረና አጥሩ ሥር ሣር መጋጥ ጀመረ። ሰውዬው ሰልፍ ላይ ነበር። ከፊቱ ሰባት ሰዎች ቆመዋል፤ ከሰባቱ ፊት ደግሞ የተዘጋ ትልቅ በርና አንድ ዘበኛ አለ። ዘበኛው ያለ አህያ ማንንም አያስገባም። ሰውዬው አህያውን ሊያመጣ ከሰልፉ ሲወጣ ከኋላው የነበረችው ወፍራም ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታውን ወሰደችበት። አህያውን ጎትቶ ሲመለስ ከሁሉም መጨረሻ ቆመ።

«አምጪው፣ አንቺ መጎተት አትችይበትም» አለች ጓደኛዋ ሸዊት።

ራሕዋ ሳትከራከር ሰጠቻት። ከጠዋት ጀምሮ አራት ጀሪካን ውሃ ተሸክማለች፤ ትምህርት ቤት ለአንድ መጽሐፍ ስድስት ሆነው ተጠባብቀው ውለዋል። አሁን የምትፈልገው ጀርባዋን አስደግፋ፣ ማንም ምንም ሳይላት መቀመጥ ብቻ ነበር። ለዚህ ደግሞ ሱዳን ባለው በቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ከዚህ ቤት የተሻለ ቦታ አታውቅም፤ ያውም ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ።

ጌም ቤት ይባል እንጂ ቤቱ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ነው። የባለቤቱ የቻላቸው ወላጆች በረሃብ ዘመን ከጎንደር ተሰደው የመጡ ናቸው፤ እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ገዳሪፍ አደገ። ትግርኛ አይችልም፤ ስለዚህ በቤቱ የሚወራው አማርኛ ነው፤ እሱ ሲናደድ ደግሞ ዓረብኛ። ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር፣ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሚጫወቱበት ልጆች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ማሽንና ሦስት ካሴቶች አሉት፦ ኳስ፣ ድብድብና አህያው። ስልክ ያመጣ ሁሉ ስልኩ እስኪሞላ ይጫወታል።

ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ በኳሱ ይጣሉ ነበር። አንድ ቀን ጩኸታቸው ራሱን ያሳመመው ቻላቸው የኳሱን ካሴት ነቅሎ የአህያውን ሰካ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ባዶ ሆነ። «ኻላስ፣ በቃ፣ ጆሮዬ የሚያርፍበት ሰዓት ተገኘ» አለና ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ አህያውን ይሰካል። ወንዶቹ ሲወጡ ሴቶቹ ገቡ። ማንም አልጋበዛቸውም፤ ማንም ደግሞ ውጡ አላላቸውም።

ስለ ጨዋታው የሚታወቀው ጥቂት ነው። ፊደሉ አማርኛም ዓረብኛም እንግሊዝኛም አይደለም። ከወንዶቹ አንዱ፣ ክብርኣብ፣ ቻይንኛ ነው ይላል፤ ከምን እንደለየው ግን አይናገርም። ካሴቱ ያለፈውን አያስታውስም፤ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሰውዬው እንደገና ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቶ መነሳት አለበት። መንደሩን ያቋርጣል፣ ከውሻው ያመልጣል፣ ድልድዩን ያልፋል፣ በሩ ጋ ይደርሳል። ባልዲውን መንደሩ ውስጥ መሬት ላይ ካስቀመጠው ዶሮዎች መጥተው ይደፉታል፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ነው። ስለዚህ ባልዲውን የሚያስቀምጥ የለም። ይሄን ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ተምሯል። በሩን ያለፈ ግን የለም። ወንዶቹ ሰልፉን ሊጋፉ ሞክረው ዘበኛው ፊሽካ እየነፋ ወደ መጨረሻ መልሷቸዋል። ሴቶቹ ደግሞ በትዕግሥት ይቆማሉ፤ ሦስት አራት ሰው ሲቀራቸው አህያው ይሄዳል።

ማክሰኞ ዕለት ቻላቸው የብስኩት ካርቶን ቀዶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ከከሰላ ዕቃ የሚያመጣው አኑዋር ሐሙስ እንደሚመጣ፣ አዲስ የኳስ ካሴት እንደያዘና በምትኩ ካሉት አንዱን እንደሚወስድ ነገራቸው። የትኛው ይሂድ የሚለውን እሱ ብቻውን ወስኖ ሲሰደብ መኖር አልፈለገም። ሁሉም ስለ እያንዳንዱ ጨዋታ ያለውን አስተያየት ይናገር፤ ራሕዋ ትጽፋለች፤ ብዙ የተሰደበው ይሄዳል። ራሕዋን የመረጣት እጅ ጽሑፏ ስለሚነበብ ነው። እሱ የሚጽፈው ዓረብኛ ብቻ ነው።

ስለ ኳሱ ሁለት መስመር በቂ ሆነ። ስለ ድብድቡም እንዲሁ። አህያው ግን ካርቶኑን ሞላው።

ክብርኣብ ጨዋታው የተበላሸ ነው ብሎ አጻፈ፤ ሰውዬው ይታዘዛል፣ አህያው አይታዘዝም፣ ሑመራ ሳሉ ቤተሰቦቹ የነበራቸው አህያ እንኳ ከዚህ የተሻለ ፀባይ ነበረው። ሌላው ጠላት የሌለው ጨዋታ ጨዋታ አይባልም አለ። አንዷ ልጅ ሙዚቃው እንቅልፍ ያመጣል አለችና ስድብ እንዳልሆነ ይጻፍልኝ ብላ ለመነች። አጠገባቸው ሻይ የምትሸጠው አደይ ብፅአት ጆይስቲክ በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ግን በተቀደደው የቤቱ የሸራ ግድግዳ በኩል በየቀኑ ስለምታይ እኔም አስተያየት አለኝ አለች።

«መጫወት ከሆነ ሌላ ነገር ተጫወቱ» አለች። «ሰልፍ ለማየትማ ውጪ ሞልቷል።»

ራሕዋ ይሄንንም ጻፈች። እየጻፈች አንድ ነገር ገባት። አህያው ከሄደ ወንዶቹን ከዚህ ቤት የሚያስወጣቸው ነገር አይኖርም። ሁለት የኳስ ካሴት፣ ቀኑን ሙሉ። ሰዓቱም ከአህያው ጋር ይሄዳል።

ሸዊትም ሳይገባት አልቀረም፤ ብድግ አለችና «የእኔን ጻፊ» አለች። «በሩን አልፌዋለሁ። ውስጡ ሰርግ አለ፤ ሰውዬው ያገባል፣ አህያው ይጨፍራል። ከዚያ ሁለተኛ ከተማ ይከፈታል፤ እዚያ ፈረስ ይሰጡሻል።»

ወንዶቹ ወደ ካርቶኑ ተጠጉ።

«ማን አየ?» አለ ክብርኣብ።

«ራሕዋ አይታለች።»

ሁሉም ወደ ራሕዋ ዞሩ። እስክሪብቶው በእጇ እንዳለ ነበር። ቻላቸው ሳይስቅ አያት፤ ካየሽ ከሥሩ ስምሽን ጻፊበት፣ እኔ አንቺን አምናለሁ አላት። ክብርኣብም እውነት ከሆነ ከሐሙስ ጀምሮ በአሥር ሰዓት ወንዶቹ ራሳቸው እየመጡ ፈረሱ ጋ እንደሚደርሱ ተናገረ።

ራሕዋ ሸዊት ያለችውን ቃል በቃል ጻፈች። ስሟን ግን አልጻፈችም። የእኔን ነገ እጽፋለሁ ብላ እስክሪብቶውን መለሰች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ውሃ ቦቴው ጋ ደረሱ።

«እኔን ለምን ጠራሽ?» አለች ራሕዋ።

«ታዲያ ማንን ልጥራ? እኔን አያምኑኝም። አንቺን ያምኑሻል።»

«ከነገ ወዲያስ ያምኑኛል?»

ሸዊት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ዝም ብለሽ ፈርሚ። ምን ያስጨንቅሻል? የአህያ ነገር ነው።»

ራሕዋ ሌሊቱን አላሰበችበትም፤ ደክሟት ስለነበር እንቅልፍ ወሰዳት። ያሰበችው በማግስቱ ጠዋት የእርዳታ እህል ራሽን ሰልፍ ላይ ነው። ብትፈርም ወንዶቹ ፈረስ ፍለጋ መጥተው ሰዓቱን ይወስዱታል። ባትፈርም ካሴቱ ከሰላ ይሄድና ሰዓቱ ያበቃል። እንዲህም ሆነ እንዲያ ሰዓቱ የለም። ልዩነቱ አንደኛው ላይ እሷም ውሸታም መሆኗ ነው።

ጦርነቱ ሱዳን ውስጥ ከተነሳ ወዲህ ሰልፉ ረዝሟል፣ ስፍሩ አንሷል። ፀሐዩ ግን ያው ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ በሰልፉ ላይ የሚታየው ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንጋይ አለው፤ የእነ ራሕዋው እናቷ ፅገ ሰማያዊ ቀለም የቀባችው ነው። ጎህ ሲቀድ ድንጋይሽን አስቀምጠሽ ወደ ጥላ ትሄጃለሽ፤ ወይ ውሃ ትቀጃለሽ፣ ወይ ሕፃን ታስተኚያለሽ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላሽ ያለው ሰው ድንጋይሽን በእግሩ ገፋ እያደረገ ይወስድልሻል። የሰው ድንጋይ ያነሳ መጨረሻ ይሄዳል። ይሄን ደንብ ማንም አልጻፈውም፤ ግን ጉልበተኞቹም አሮጊቶቹም ያከብሩታል።

ራሕዋ በረኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላ ሰማያዊ ድንጋይዋን ታይ ነበር። አንድ ሽማግሌ በኮንጎ ጫማው ጫፍ ገፋ አደረገላት። ድንጋዩ አንድ እርምጃ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ገፋ አደረገው።

«ባልዲው» አለች ለራሷ።

አሥር ሰዓት ላይ ወንዶቹ ገና ማሽላ እየተሸከሙ ነበር። ራሕዋ ማዳበሪያውን ቤት ጥላ፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ሸዊትን ጎትታ ገባች። ቻላቸው የስልክ ገመዶች እየፈታ ነበር፤ ካሴቱን ሰክቶላቸው ወደ ሥራው ተመለሰ። ጉድጓዱን፣ ውሻውን፣ ድልድዩን አለፈች። ሰልፉ ውስጥ ገባች። ሦስት ሰው ሲቀር አህያው እንደ ልማዱ ጅራቱን ወዝወዝ አደረገ።

ራሕዋ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አብደሻል? ዶሮዎቹ!» አለች ሸዊት።

«እዚህ ዶሮ አየሽ?»

ሰውዬው እጁን እያወዛወዘ ወደ አህያው ሄደ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላው የነበረችው ወፍራም ሴትዮ ወደ ባልዲው አየች፤ ከዚያ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

ሸዊት አፏን ከፍታ ቀረች። ሰውዬው አህያውን ጎትቶ መጥቶ ባልዲውን አነሳና ቦታው ላይ ቆመ። ማንም ምንም አላለውም። ተራው ሲደርስ ዘበኛው አህያውን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ በሩን ከፈተ።

ውስጡ ግቢ ነበር። በግቢው መሃል አንድ ዛፍ ብቻ። ሰውዬው ባልዲውን ከዛፉ ሥር አስቀመጠ፤ አህያው መጥቶ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ውሃ አንዴም ቀና ሳይል ጠጣው። ከዚያ ተኛ። ሰውዬውም ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አጠገቡ ተኛ። የማይነበበው ፊደል ከታች ወደ ላይ ወጣ፤ ሙዚቃው አለቀ፤ ሰውዬው እንደገና ጉድጓዱ ጋ ቆሞ ተገኘ።

«ይሄው ነው?» አለች ሸዊት።

«ይሄው ነው።»

ራሕዋ ሳቋ መጣ፤ ለመሳቅ ግን ደክሟት ነበር። ይሄ ጨዋታ ደስ አላት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ቢጠይቋት ግን አትችልም።

ሸዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። ቻላቸው እንዳላየ፣ ሰርጉ ይቅር እንኳ ቢባል ፈረሱ አለ ብሎ መጻፍ እንደሚቻል፣ ወንዶቹ በሩን እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ስለማያውቁ ለዘላለም ሲፈልጉ እንደሚኖሩ ነገረቻት።

«ሲፈልጉ የሚኖሩት በእኛ ሰዓት ነው» አለች ራሕዋ።

ተነስታ እስክሪብቶውን ወሰደችና ካርቶኑ ላይ በቀረው ጥግ፣ ፊደሉን አሳንሳ ጻፈች፦

«በሩን ዛሬ አልፈናል። ሰርግ የለም፤ ፈረስ የለም። ከጉድጓዱ የመጣውን ውሃ አህያው ጠጥቶ ይተኛል። እኔ ወድጄዋለሁ። ራሕዋ።»

ሸዊት አነበበችው። ጫማዋን አድርጋ ቻው እንኳ ሳትል ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ሰዓት በፊት ክብርኣብ ካርቶኑን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሸዊት ጋ ሲደርስ ድምፁን የሙሽራ ዘፋኝ አስመስሎ ወንዶቹን አሳቃቸው። ራሕዋ ጋ ሲደርስ ግን እንዴት አለፋችሁት ብሎ በቁም ነገር ጠየቀ። ተሰልፈን አለችው። ረፋዱ ላይ አኑዋር መጣ፤ የአህያውን ካሴት አገላብጦ አይቶ ኪሱ ከተተው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የአዲሱ ኳስ ጩኸት እስከ ሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር። ሸዊት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሌላ መንገድ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንዶቹ ዘግይተው ለምሳ ተበትነው ነበር። ራሕዋ ገባች። ሰማያዊውን ድንጋይ ከብብቷ አውጥታ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ምንጣፉ መሃል አስቀመጠችው።

ቻላቸው ከገመዶቹ ቀና አለ። ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ።

«ካሴቱ ሄዷል እኮ፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ። ምን ልትጫወቺ ነው?»

«ያለውን፣ አያ ቻላቸው። ከአሥር እስከ አሥራ አንድ።»

ቻላቸው አንገቱን አከከ። እሷ ወጥታ አደይ ብፅአት ጋ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ወንዶቹ እየተገፋፉ ገቡ። በተቀደደው ሸራ በኩል የክብርኣብ እግር ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆሙ ታየ።

«ይሄ ድንጋይ የማን ነው?» አለ።

ቻላቸው የያዘውን ገመድ አስቀመጠ።

«ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ነው» አለ ቻላቸው። «እንዳትነካው።»

ራሕዋ የቀረውን አልሰማችም። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሸዊትን መጥራት ነበረባት።