ከየሻው ስም በፊት የተሳለው መስቀል

ፋና ምሥጋናውን መጀመሪያ ያየችው ቀን የቆሎ ተማሪ መስሏት ነበር።

ነጠላውን አጣፍቶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ በምግብ ቤቷ በር ላይ ቆመና «ቤቶች!» አለ። ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ በየደጁ ነው። ፋና ብዙም አላየችውም። እንጀራ ላይ ሽሮ ጣል አድርጋ ሰጠችው።

«እንካ። ለእኔም ጸልይልኝ።»

ተቀብሎ ደፉ ላይ ቁጭ አለና አንድም ሳያስቀር በላው። ከዚያ ጣቱን ጠራረገና ብድግ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግድግዳው የትኛው ነው?»

«የምን ግድግዳ?»

«ጽሑፍ የሚጻፍበት። መምሬ ተክለ ሚካኤል ናቸው የላኩኝ።»

አኩፋዳውን ከፈተው። ውስጡ ቁራሽ የለም፤ ብሩሽ ብቻ ነው። ፋና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ወይኔ ጉዴ! ቀድመህ አትናገርም?»

«ርቦኝ ነበራ!»

ሳቀች። ከዚያ በሳቋ ደነገጠች። መርዶውን ከሰማች ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መርዶው የባሏ ነው። የሻው ወደ ባድመ ሲዘምት ይህችን ምግብ ቤት ገና መክፈታቸው ነበር። ከመሄዱ በፊት ወንበር ላይ ቆሞ፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ «የሻው ምግብ ቤት» ብሎ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ ምሥጋናው በመጣበት ዓመት ኅዳር ላይ የቀበሌ ሰዎች ከመምሬ ጋር መጥተው ለፋና ብቻ በለሆሳስ ነገሯት። ለእናቱ ለእማማ አሰለች ግን አልተነገረም። ክረምቱን በደረት ሕመም ተኝተው ነበር የከረሙት።

«ገና ይለፍ፤ ጾሙ ይፈታ» አሉ መምሬ። «ያን ጊዜ ሽማግሌ ሰብስበን፣ በማለዳ፣ በወጉ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ቻይው ልጄ።»

በእኛ አገር መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይወረወርም። ስለዚህ ፋና ጥቁር ሳትለብስ፣ ድምፅ አውጥታ ሳታለቅስ ቻለችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እማማ አሰለች የወልድያ አውቶብስ ጥሩምባ በሰሙ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

ግድግዳውም እንዲታደስ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ጽሑፉ ተዥጎርጉሮ ነበር።

«ለገና አገር ምድሩ እዚህ ሊመጣ ነው። የልጄን ስም እንዲህ ተበላሽቶ እንግዳ አይይብኝ! አሳድሺው!»

ምን ትበል? እሺ አለች።

ምሥጋናው በይምርሐነ ክርስቶስ ደብር፣ ከአንድ የቁም ጽሕፈት መምህር እግር ሥር ያደገ ልጅ ነው። ሥራው ዝግ ያለ ነው። መጀመሪያ ኖራ ቀባ። ኖራው እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ ክር ከሰል ላይ አሽቶ፣ አንዱን ጫፍ ለፋና አስያዛት።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበለኝ። በዕድሜ አልበልጥህም።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ፋና በለኝ።»

ክሩን ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ግድግዳው ላይ ቀረ። ዱቄቱ ግን አፍንጫዋ ላይ ቦነነባት፤ እሱም አይቶ ሳቀ። የሳቀበትን አፉን እያየች ቆየች... የባሏ ስም ሊጻፍበት በተዘጋጀው ግድግዳ ሥር ቆማ! ራሷን ጠላች። ቢሆንም በማግስቱ ሹሩባዋን ተሠርታ ጠበቀችው።

ፊደሎቹን በእርሳስ ከነደፈ በኋላ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ጠየቃት።

«ባለቤትሽ መቼ ነው የሚመለሰው?»

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። እናቱ እንኳ ያላወቁትን ለዚህ ሰው የምትነግርበት ምንም ምክንያት አልነበራትም። ከአንዱ በቀር።

«አይመለስም» አለች። «ሞቷል።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የፋና አፍ ግን አላመለጣትም። ባል እንደሌላት እንዲያውቅ ፈልጋ ነው የነገረችው። ምሥጋናው ብሩሹን አስቀምጦ ከመሰላሉ ወረደ።

«ነፍሱን ይማረው» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቃትም። እሷም እናቱ አያውቁም አላለችውም። ያን ጊዜ እናቱ ትዝም አላሏት!

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ፋና ገበያ ወረደች። ምሥጋናው ብቻውን ሥራውን ቀጠለ። መምህሩ የሟችን ስም ያለ መስቀል አትጻፍ ብለው ነው ያሳደጉት። እናም ከየሻው ስም በፊት፣ በቀይ ቀለም፣ የላስታን መስቀል አሳምሮ ሳለ። ፋና ስትመለስ ደስ ይላታል ብሎ ነው።

ቀድመው የገቡት ግን ቤተ ማርያምን ስመው የተመለሱት እማማ አሰለች ናቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው ግድግዳውን ሽቅብ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መስቀል ነው፣ እማማ።»

«እሱንማ አየሁት። ፊደል ባልቆጥር መስቀል አጣለሁ? ለምን አደረግኸው ነው የምልህ።»

ምሥጋናው እናትየዋ የሚያውቁ መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ነፍሱን ይማርልን ብዬ ነው።»

ፋና ጩኸቱን የሰማችው ከመንገድ ነው። የያዘችውን ሽንኩርት ጥላ ሮጠች። እማማ አሰለች ወለሉ ላይ ተዘርረው ደረታቸውን ይደቃሉ።

«የሻዬ! የሻዬ! በቀለም አረዱኝ!»

ወዲያው ቤቱ በለቃሽ ሞላ። መምሬም ደርሰው፣ መርዶው እንዲቆይ ያደረጉት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። መርዶውን በመደበቋ ፋናን ማንም አልወቀሳትም። ጎረቤቷ ሸጌ ግን ጠየቀች።

«ይሄ ሰውዬ ከየት ሰማ? ማን ነገረው?»

ሁሉም ወደ ፋና ዞረ። ምሥጋናው እጁ ላይ ቀለም እንዳለ በሩ ሥር ቆሟል።

«እኔ አልነገርኩትም!» አለች። «ከራሱ ነው ያመጣው!»

ምሥጋናው አያት። ብዙም አላያትም፤ ወዲያው ወደ እማማ አሰለች ዞሮ አጎነበሰ።

«እውነቷን ነው። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መሰላሉን ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በከተማው ስሙ ጠፋ። «እናትን ያለ ሽማግሌ ያረዳ ጨካኝ» ተባለ። ለገና ጽሑፍ ያዘዙት ሆቴሎች ሁሉ ሌላ ሰው ቀጠሩ። ወደ አሸተን ማርያም ወጥቶ ከአጎቱ ጋር ገብስ ይወቃል ሲባል ፋና ሰማች። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ግን ለየትኛው ሰው እንደምታለቅስ አታውቅም። ሰው «አይዞሽ» ሲላት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች።

የተዝካሩ ቀን ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰው ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፋና ተነሣች።

«ለቀለም ቀቢው የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዋሽቼ ነው። እሱ ጥፋት የለበትም።»

እማማ አሰለች ቀና አሉ።

«ከእኔ በፊት ለእሱ? ለምን?»

«ባል እንደሌለኝ እንዲያውቅልኝ... ፈልጌ ነው።»

አንዲት ሴት «አበስኩ ገበርኩ!» አለች። እማማ አሰለች ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፋና ጋር በአንድ ቤት እየኖሩ፣ እየበሉ፣ ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ፋና አሸተን የወጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ምሥጋናው አውድማው ላይ ነበር።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው። «ውሸታም ናት አትልም ነበር?»

«በባልሽ ለቅሶ ላይ ላዋርድሽ?»

«አዋርጄህ የለ!»

«አዎ፣ አዋርደሽኛል» አለ። «ከፍቶኝም ነበር። ግን በሰው ፊት ቆመሽ ያልሽውን መምሬ ነግረውኛል። እኔም እወድሻለሁ፣ ፋና።»

እንባዋ መጣ።

«እኔም... ግን አልችልም። እማማ ተቀይመውኝ እያለ አንተ ቤት ገብቼ እንጀራ አይወርድልኝም።»

«እጠብቃለሁ።»

ጠበቀ። ክረምት አለፈ፤ የየሻው ሙት ዓመት ወጣ። መስቀሉ ከነስሙ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ሊነካው የደፈረ የለም። አንድ ቀን ግን እማማ አሰለች በመምሬ በኩል ምሥጋናውን አስጠሩት። ፋና ሲገባ ስታየው ከጓዳ ወጥታ ቆመች።

«ይሄን በኖራ ሸፍነው» አሉት እናትየዋ።

«እማማ! የየሻውን ስም?» አለች ፋና።

«ልጄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክርስትና ስሙ ወልደ ኪዳን ተብሎ ይጠራልኛል። እሱ ይበቃዋል። ምግብ ቤት ሰው እየበላ የሚስቅበት ነው፤ እኔ ደግሞ በገባሁ ቁጥር እየሞተብኝ አልቻልኩም። የእሷን ስም ጻፍበት።»

ምሥጋናው «ፋና ምግብ ቤት» ብሎ ጻፈ። እማማ አሰለች እስኪጨርስ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ወላጆቿ ያሉት ሙጃ አገር ነው፤ ሩቅ ነው» አሉት በመጨረሻ። «ሽማግሌህን ወደ እኔ ላክ።»

ፋና እግራቸው ሥር ተደፋች።

«እማማ፣ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው?»

እማማ አሰለች እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉ።

«ገና ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «እስክችል ድረስ ግን ብቻሽን አትቀመጪ።»