ሦስተኛው ፓኔል

ናሁሰናይ ዕድሜውን ሙሉ በከባድ መኪና ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ ሲመላለስ አገሩን አለፈው እንጂ ቆሞ አላየውም ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደስ ባለው ቦታ መኪናውን አቁሞ ደስ እስካለው ድረስ መቀመጥ። ችግሩ የስኳር በሽታው ነው። የሚወጋው ኢንሱሊን ከቅዝቃዜ መለየት የለበትም። ስለዚህ በሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ የምታስተምረው ሚስቱ ትርሲት የአሮጌ ሚኒባስ ወንበሮች አስነቅላ አልጋ አስገባች፤ ጣሪያው ላይ ሦስት የሶላር ፓኔሎች ከፊት ወደ ኋላ ደርድራ አሰረች፤ ባትሪውን ከአልጋው ሥር አስቀመጠች፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ፍሪጅ ገጠመችለት።

ሻላ ሐይቅ ዳር ሲደርሱ የቀራት ሥራ የሦስተኛውን ፓኔል፣ ከአልጋው በላይ ያለውን፣ ገመድ ማገናኘት ብቻ ነበር። መኪናዋን ከግራሮቹ አርቀው፣ ጥላ የሚባል ነገር በማይደርስበት ነጭ ሜዳ ላይ አቆሟት። ከፍል ውሃው በኩል የሚመጣው ነፋስ የድኝ ሽታ ይዞ ይነፍስና ተመልሶ ጸጥ ይላል። ትርሲት ገመዱን አገናኝታ ስትወርድ ሦስቱም ፓኔሎች፣ ብረት ሲሞቅ እንደሚያደርገው፣ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምረው ነበር። ከፓኔሎቹ የሚገባውን ኃይል የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው ቁጥር ከፍ አለ፤ ፍሪጁ በቀስታ ማጉረምረም ጀመረ። ናሁሰናይ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ተጋደመና እንዲህ ያለ ቤት ኖሮት እንደማያውቅ ነገራት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቁጥሩ ወረደ። ሰማዩ ላይ የደመና ቁራጭ አልነበረም። ትርሲት ወጥታ ብታዳምጥ ሁለቱ ፓኔሎች ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ሦስተኛው ዝም ብሏል። መሰላል ላይ ወጥታ አየችው። የወፍ ኩስ የለበትም፣ አቧራ የለበትም፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም። እጇን ስታሳርፍበት ግን ቀዘቀዛት። አጠገቡ ያለው ጣት የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ ይሄኛው ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ይመስል ነበር፤ ቅዝቃዜውም ሁሉን አልሸፈነም፣ መሃል መሃሉን ይዞ ይረዝምና ወደ ጫፉ ሲደርስ ይጠብባል።

ገመዱን ለወጠች። ፊውዙን ለወጠች። በመጨረሻ፣ ችግሩ የፓኔሉ ከሆነ አብሮት ይሄዳል ብላ፣ ናሁሰናይን አስቸግራ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦታ አቀያየረቻቸው። ዝም ያለው ፓኔል ወደ መሃል ሲመጣ ሞቆ መሥራት ጀመረ። ደህና ሲሠራ የነበረው ከአልጋው በላይ ሲገባ ቀዘቀዘ። ትርሲት መሰላሉ ላይ እንደቆመች ብዙ አሰበች፤ ከምታውቀው ሁሉ ለዚህ የሚሆን ስም አጣች። ለባሏ የነገረችው የሆነ ቦታ ገመድ ሳይላላ አልቀረም ብላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ናሁሰናይን ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። ሲነቃ ደረቱን እያሻሸ ጣሪያው ዝቅ ያለ እንደሚመስለው ይነግራታል። ስኳሩን ስትለካው ደህና ነው።

ከአቅራቢያው መንደር ወተት የሚያመጡላቸው አዴ ከዲጃ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ወተቱን ካስረከቡ በኋላ አልሄዱም፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ መኪናዋ ጣሪያ ያያሉ።

“ልጄ፣” አሉ፣ “ያ ላይ የተኛው ሰውዬ ፀሐዩ አይበላውም?”

ትርሲት ዞራ አየች። ፓኔሎቹ ብቻ ናቸው። የትኛውን ሰውዬ ማለታቸው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሴትዮዋ ትክ ብለው ፊቷን አዩትና ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ስበው፣ የወተት ዕቃቸውን እንኳ ሳይቀበሉ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

ትርሲት የሰማችውን ለባሏ አልነገረችውም፤ ቦታ እንቀይር አለችው እንጂ። ኮረኮንቹን ሲወጡ ከኋላ፣ ከጣሪያው በኩል፣ የተኛ ሰው ጎኑን ሲቀይር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ናሁሰናይ መሪውን እንደያዘ ግንባሩን ቋጠረ። ጭነት ከወንበሩ የሚሰማው ሰው ነው።

“ኋላዋ ከብዷል” አላት። “ምን ጫንሽ?”

ምንም አለች።

ያን ዕለት ሰውና መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር አደሩ። ሲነጋ ሁለት ፓኔሎች ዝም ብለው ነበር። እኩለ ቀን ሳይደርስ ባትሪው ደከመ፤ ፍሪጁም ጸጥ አለ፤ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ በእጇ መዳፍ ውስጥ ለብ ብሎ ተሰማት። ሻሸመኔ ገብተው መድኃኒት ቤት እንዲያስቀምጡላቸው ሊለምኑ ተስማሙ። ናሁሰናይ ግን ከመንዳቱ በፊት ጥቂት ጋደም ልበል አለ። ትርሲት እምቢ ልትለው አስባ ፊቱን ስታይ ተወችው። ፀሐዩ እንዳይረብሸው መጋረጃውን ጋርዳለት ወጣች።

መሰላሉን እያጣጠፈች ሳለ ሰማችው። ቀጭ። መሃለኛው ፓኔል ነው። ጥቂት ቆይቶ ከአልጋው በላይ ያለው፣ ከዚያ ሦስቱም በአንድነት። መሰላሉን መልሳ ዘርግታ ወጣችና እጇን ሦስተኛው ላይ አሳረፈች፤ አቃጠላት። መዳፏን እየነፋች ብቻዋን ሳቀች። ቁጥሩ፣ መኪናዋን ከሠራች ጀምሮ አይታው የማታውቀው ከፍታ ላይ ወጥቷል፤ ፍሪጁም ማጉረምረም ጀምሯል። ለናሁሰናይ ልታበስረው ሮጣ በሩን ከፈተች።

ውስጡ ቀዝቅዟል። መጋረጃው ከሚያጨልመው በላይ የጨለመ ስለመሰላት እጇን ልካ ከአልጋው በላይ ያለውን አምፑል አበራችው። ቦግ አለ። ብርሃኑ ፍሪጁን፣ ወለሉን፣ የገዛ እግሯን አሳያት፤ አልጋው ጠርዝ ሲደርስ ግን ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንድ ረዥም ጨለማ ተጋድሟል፤ የአልጋው ጣውላም ከሥሩ በቀስታ ያቃስታል።

“ትርሲት፣” አለ ናሁሰናይ ከጨለማው ሥር፣ ትንፋሽ ባጠረው ድምፅ፣ “መብራቱን ለምን አጠፋሽው?”