የሁዳዴው ቆዳ

ዘመናይ ልጅ ሳለች ሁለት ሰዎች ከአጥር ወዲያ ስለ አንድ የፍየል ቆዳ ሲነጋገሩ ሰምታ ነበር። አንደኛው ብራና ፋቂ ሳይሆን አይቀርም። «ወደ ፀሐይ አንሳውና እየው» አለ። ሌላው አየና ዝም አለ። ምን እንዳየ አታስታውስም፤ የቀራት ያ ዝምታ ብቻ ነው።

ዛሬ ኢንስፔክተር ሆና ደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለች ጎጆ ውስጥ ቆማለች። ብራና እየፋቁ መጻሕፍት ሲያጽፉ የኖሩት መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ነጠላ ለብሰው መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ትኩሳት ይዟቸው፣ ደረታቸው ታፍኖ ሞቱ። ክንዳቸው ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል አለ። መንደሩ ፍርዱን ጨርሷል፤ መርዝ ነው፣ ያበላቸውም ረዳታቸው ዲያቆን ይስማው ነው ተብሎ ልጁ ጣቢያ ታስሯል።

ዘመናይ ከቁስሉም ከጎጆውም ናሙና አስወስዳ ደብረ ማርቆስ ላከች። ሚስታቸው ወለተ ሐዋርያት እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ይስማውን ፍቺልኝ። ዳዊቱን የሚጨርስልኝ እሱ ነው። ልጅ አልወለድን፣ ከእሳቸው የቀረኝ ያ መጽሐፍ ብቻ ነው።»

የሟቹ ወንድም አበባው ይህን ሲሰማ ሣቀ። «እንጀራ የሚያቀርብ እጅ መርዝ ማቅረብ ያቅተዋል?» አለ። ዘመናይ ሟቹ ብራና ለመፋቅ ዓይናቸው ይበቃ እንደነበር ጠየቀችው። በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ እንደነበር ማለላት። ወንድሙ በድህነት መኖሩንም አማረረ፤ በቅበላ እንኳ በዚያ ቤት የታረደ ነገር አልነበረም፣ የጾሙን መያዣ እሱ ዘንድ ነው የበሉት።

ይስማው ጣቢያ ውስጥ የተናገረው ሌላ ነው። የመሪጌታ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ እሳቸው በእጃቸው እየዳሰሱ ይፍቃሉ፣ እሱ ይጽፋል። ይህን የሚያውቁት እሱና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ቆዳ ሲወጠር እሱ መርጡለ ማርያም ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ መሪጌታ ታመው አገኛቸው። ቆዳው በቅበላ ከታረደ ፍየል የወጣ ነው መባሉን ግን ሰምቷል።

ዘመናይ ወደ ጎጆው ተመልሳ፣ ጓንት አድርጋ የተወጠረውን ብራና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ከዳር እስከ ዳር እንደ ዛፍ ሥር የተሰራጩ ጥቁር መስመሮች ታዩ፤ ደም እንዳዘሉ የቀሩ የደም ሥሮች ናቸው። እሷም ዝም አለች።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች፤ ይስማውንም አስመጣችው። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር።

«ሕይወት ያለውን የምንመድበው ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየጠየቅን ነው» አለች። «ገዳዩ ሕይወት አለው ወይ? መርዝ አይራባም። ከቁስሉ የተወሰደው ግን ላብራቶሪ ውስጥ ምግብ ሲያገኝ ተራባ። ቫይረስም እንዲያ ባለ ምግብ ላይ ብቻውን አይራባም።»

«ታዲያ የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር ነው?» አለ አበባው።

«በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንደ መቋሚያ ቀጥ ያለ ነው፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ሰንሰለት ይሠራል። ሻጋታ ቢሆን ሴሉ ኒውክለስ ይኖረው ነበር፤ የለውም። ስለዚህ ባክቴሪያ ነው። ከባክቴሪያም ቅርፊት ለብሶ አፈርና ቆዳ ላይ ብዙ ዓመት የሚተኛው ወገን። እናንተ አባ ሰንጋ የምትሉት። መሪጌታ ሲፍቁት ከነበረው ከዚህ ቆዳም ያው ተገኝቷል።»

ቆዳው ላይ ደም መቅረቱን አሳየቻቸው። ፍየሏ ታርዳ ቢሆን ደሟ በፈሰሰ ነበር፤ ስለዚህ በክት ናት። የበክት ቆዳ ለመሪጌታ የሚያቀርብ፣ እንደማያዩት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አበባው አያውቅም። ይስማው አልነበረም። በቅበላ ደግሞ እዚህ ቤት አልታረደም።

ሁሉም ወደ ወለተ ሐዋርያት ዞሩ።

«ሁዳዴ ነው፣ ማን ያርዳል? ቆዳ ከየት ይምጣ?» አለች በቀስታ። «‹እጄ ሳይዝል ልጨርሰው› እያሉ ያለቅሱብኝ ነበር። ፍየሏን ሞታ አገኘኋት፣ ገፈፍኳት። ዋሸኋቸው። ደስ አላቸው… እየዳሰሱ ደስ አላቸው።»

አበባው ፊቱን በጋቢ ሸፈነ። ይስማው ተፈታ፤ የተደሰተ ግን አልነበረም።

ዘመናይ በሽታው የነካው ሁሉ መቃጠል አለበት ስትል፣ ወለተ ሐዋርያት ያ ቆዳ ብቻ እንዲቃጠል ለመነች። ዘመናይ በሽታውን የያዘው የፋቁት ትቢያ በዳዊቱ ቅጠሎች መካከልም መገኘቱን ነገረቻት።

«ጠበል ቢረጭበትስ?»

«እናቴ፣ ይህን መጽሐፍ ሰው ሁሉ ይሳለመዋል። በአፉ ይነካዋል።»

አበባው እኔ ላቃጥለው አለ። ይስማው እጄ አይታዘዘኝም ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ማንም አይንካው» አለች ወለተ ሐዋርያት በመጨረሻ። «እኔ እለኩሰዋለሁ።»