ከቦታዬ የለሁም

«መስመሩ ያንቺ፣ ቁጥሩ ያንቺ፤ ታዲያ በሴትዮዋ ላይ ስልኩን ማን ዘጋው? ጋኔን ነው?» የቡድኑ አለቃ አቶ ናም የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ቦራም አዞሩት።

በኢንተርኔት የሚሠራው የቢሮው ስልክ ምንም አይረሳም። ማን እንደደወለ፣ በማን ቁጥር እንደገባ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይጽፋል፤ ድምፅም ይቀዳል። ትናንት፣ ለሰባት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን አንዲት አሮጊት ደውለዋል። ከድርጅቱ የተከራዩት የውኃ ማጣሪያ ፈንድቶ ማድ ቤታቸውን አጥለቅልቆታል። «ልጄ፣ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኛል፣ ቶሎ ሰው ላኩልኝ» ይላሉ። ከዚያ የአንዲት ልጅ ድምፅ «ኤጭ! በምሳ ሰዓት ደግሞ!» ይላል። ቀጭ።

ድምፁ የዳኢን ነበር። ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ከቦራም ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ዳኢን።

ሁለቱም ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ነው ለተግባር ልምምድ ወደዚህ የቴጉ ከተማ የደንበኞች አገልግሎት ቢሮ የተላኩት። ልምምዱ ሲያልቅ የምትቀጠረው ግን አንዷ ብቻ ናት። በዚያ ሰዓት ቦራም ቡና ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ቡና መግዛት የትንሿ ሥራ ነው፣ እሷ ደግሞ ከዳኢን በሁለት ወር ታንሳለች። ስትወጣ «ከቦታዬ የለሁም» የሚለውን ቁልፍ እንዳትነካ ተነግሯታል። ከነካችው ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ስሟ ይቀላል፣ የቡድኑ ነጥብ ይወርዳል፣ ጥሪዋም ወደ አለቃው ይዞራል። ስለዚህ እስክትመለስ ዳኢን ጥሪዋን ከራሷ ኮምፒውተር ታነሳላታለች፤ የሚመዘገበው ግን በቦራም ስም ነው።

«አለቃ፣ ድምፁ እኮ የኔ አይደለም።»

«የማን ድምፅ ነው ብዬ ጠየቅኩሽ?» አቶ ናም ባዶ ወረቀት ገፉላት። «ጥፋቴን አምኛለሁ ብለሽ በእጅሽ ጻፊ። ከምሳ በፊት!»

ዳኢን ደረጃው ላይ የሙዝ ወተት ይዛ ጠበቀቻት።

«ስሚኝማ፣ ስልኩ ራሱ ነው የተቋረጠው።»

«ሰማሁት እኮ ዳኢን። ቀድቶታል።»

የዳኢን ፊት ቲማቲም መሰለ። «እባክሽ የኔ እናት! ከዚህ ካባረሩኝ ትምህርት ቤት መሳቂያ ነው የምሆነው። ላንቺ እኮ አንዲት ወረቀት ናት፣ ጻፊላቸውና ይለፍ።»

«ሴትዮዋስ?»

«የቷ ሴትዮ?»

ቦራምን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይህ ነው። ወተቱን ሳትቀበል ተመለሰች።

ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጻፈች፦ «ስልኩ በተዘጋበት ሰዓት ለቡድኑ ቡና እንድገዛ ታዝዤ ወጥቼ ነበር። ከቦታዬ አልነበርኩም።» የዳኢንን ስም አልጻፈችም። መስማት የፈለገ የድምፅ ቅጂው አለለት። ወረቀቱን አጥፋ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ትንሿ! ቡና!» አሉ አቶ ናም፣ ወረቀቱን ገልጠው እንኳ ሳያዩ። «ዛሬም ሰባት ስኒ ነው፣ የኔን ስኳር እንዳታስነኪው!»

ቦራም ኮቷን ለበሰች። ከጎኗ ዳኢን እንደ ልማዷ መስመሩን ልትቀበላት ማዳመጫዋን አስተካከለች። ቦራም ግን ጎንበስ አለችና ቁልፉን ተጫነችው።

ሰሌዳው ላይ ስሟ ቀላ።

«እንዴ! ምኑን ነው የነካሽው አንቺ?» አሉ አቶ ናም።

«ልወጣ ነዋ፣ አለቃ። ከቦታዬ የለሁም።»

በሩ ጋ ሳትደርስ ስልክ ጠራ፤ የጠራው አቶ ናም ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቦራም ዞር ብላ አላየችም፤ የሚነሳ መሆኑን ለመስማት ግን በሩን ይዛ ቆመች።