በአመድ ላይ የታተመው ዱካ

መሬት ከተደለደለ ገና ሁለት ክረምት ማለፉ ነበር። ከዘመሮ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የመንዝ ቀበሌ፣ ከጥድ ደኑ ውስጥ እንግዳ ነገር ይታይ ጀመር። መጀመሪያ የጠቦት ቆዳ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። በሳምንቱ ደግሞ ግማሽ ጎኗ የተበላ በግ፣ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብላ፣ ከቅርንጫፍ መሐል ተጋድማ ታየች። ከዛፉ ሥር የጅብ ዱካ አለ። ከጅቡ ዱካ አጠገብ ደግሞ የጎማ ጫማ ያደረገ ሰው የረገጠው ዱካ አለ።

አገሩ ተሸበረ። በጓን ሊያወርድ የደፈረም አልተገኘም።

«ጅብ ዛፍ አይወጣ፤ ሰው ጥሬ ሬሳ አይበላ» አሉ አቶ አፈወርቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እየሰማቸው። «እንግዲህ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆነው ማን እንደሆነ ለማን ይጠፋዋል?»

ስም አልጠሩም። ሁሉም ግን ወደ ቀጥቃጩ ወደ አቶ ገብረ አማኑኤል ጎጆ ዞረው አዩ። የሰፈሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቡዳ እየተባሉ የሚታሙትም እሳቸው። በድልድሉ ጊዜ ከአቶ አፈወርቅ ማሳ ላይ ተቆርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገብስ መሬት ደርሷቸው ነበር። ይህን ግን በዚያ ቀን ያነሣ የለም። «እስከሚመጣው እሑድ አገር ይልቀቅ» ተባለ፤ ተበተኑ።

ወሰንየለሽ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ሰማች። አባቷ አቶ ወዳጆ ያንን ደን ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ዓይናቸው እሷ ሆናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የድኩላን ከፍየል፣ የቀበሮን ከውሻ ዱካ ለይታ እንድታውቅ አስተምረዋታል። «ዱካ አይዋሽም፤ የሚዋሸው አንባቢው ነው» ይሏት ነበር።

ሰኞ ማለዳ ብቻዋን ወደ ደኑ ወጣች። ከዛፉ ሥር አንድ ወጣት ተንበርክኮ አገኘች። ክንፈ ነው፤ የቀጥቃጩ ልጅ። መሐል ሜዳ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሮ የአባቱን ወናፍ ለመያዝ የተመለሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። እግሩን አየች። የጎማ ጫማ አድርጓል።

«ይህ ዱካ ያንተ ነው» አለችው።

ብድግ አለ፤ ግን አልሸሸም። «የኔ ነው። ቆዳው ከተገኘ ጀምሮ እመላለሳለሁ። ማን እንዳደረገው ካላወቅሁ በአባቴ ላይ እንደሚለጠፍ ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ አወቅህ?»

«እኔ ብረት እንጂ መሬት ማንበብ አልችልም።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ትችያለሽ ይላሉ።»

ወሰንየለሽ ዛፉን ዞረችው። የጅቡ ዱካ ከሥር ብቻ ነው፤ የተንጠባጠበ ደም ሊልስ መጥቶ ሄዷል። ግንዱ ላይ ግን ከሰው ቁመት በላይ ድረስ አራት አራት ሆኖ የተሰነጠቀ ቅርፊት አየች።

«ነብር ይመስለኛል» አለች በሹክሹክታ።

«ነብር ከዚህ አገር ከጠፋ እኮ ስንት ዘመኑ!»

«ለዚህ ነው የማያምኑኝ። የነብሩን ዱካ ደግሞ ከግንዱ አጠገብ ሊያይ የመጣው ሰው ረግጦ አጥፍቶታል። ተመልሶ ከመጣ ግን መሬቱ ከዚያ ወዲህ ደርቋል፤ አይዝልንም።»

ክንፈ ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ። ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር። «እኛ ቤት ከአመድ ሌላ የተረፈ ነገር ምን አለ!»

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ከወናፉ ቤት ሁለት ጆንያ አመድ ተሸክሞ መጣ። እንደ ዱቄት አልሞ ነፍቶታል። እሱ ከዛፉ ሥር ይበትናል፤ እሷ በጥድ ቅርንጫፍ ታስተካክላለች። ማክሰኞ ማለዳ መጡ፤ ምንም የለም። ረቡዕም የለም። ሐሙስም ያዩት የወፍ እግር ብቻ ነበር። በነዚያ ማለዳዎች ብዙ አላወሩም። ግን እሷ ከሩቅ ስትመጣ እሱ አስቀድሞ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እሷም ነጠላዋን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ታስተካክል ጀመር።

«ከኔ ጋር ቢያዩሽ አትፈሪም?» አላት ዓርብ አመሻሽ ላይ።

«ምን ይሉኛል?»

«በላት ይሉሻል።»

እጁን ያዘችው። በእሳት ብናኝ የተጠባበሰ፣ አመድ የለበሰ እጅ። እንደሚሸሽ እንስሳ ሊመልሰው ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

«ይኸው ያዝኩህ። አልታመምኩም» አለችው።

ክንፈ እጁን በእጇ ውስጥ ተወው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አመዱ ላይ ታትሞ ጠበቃቸው። ክብ፣ ሰፊ፣ አራት ጣት ያለው፣ የጥፍር ምልክት የሌለው ዱካ፤ በቀጥታ ወደ ግንዱ ሄዶ እዚያው ይቀራል። ከአመዱ ዳር ደግሞ ጥፍሩ የሚታይ የጅብ ዱካ አለ። በጓም ከቅርንጫፉ ላይ የለችም። ወሰንየለሽ ጮኸች፤ ክንፈን አቅፋ እንደገና ጮኸች። ከዚያ ነፋስ ሳይነሣ ሽማግሎቹን ልትጠራ ቁልቁል ሮጠች።

ፀሐይ ስትሞቅ ግማሽ አገር ደኑ አፋፍ ደርሶ ነበር። አቶ ወዳጆም በትራቸውን ይዘው፣ ትከሻዋን ተደግፈው መጡ።

«ይቺ ልጅ ዓይኗ በቀጥቃጩ ልጅ ታውሯል» አሉ አቶ አፈወርቅ። «እሷ ያየችውን ማን ያምናል?»

«የኔን ዓይን አይመኑ፣ ጋሼ። የእርስዎን ይመኑ» አለች ወሰንየለሽ። «ግን ቆመው አይታይም። ጎንበስ ይበሉ።»

ሰው ሁሉ አያቸው። አቶ አፈወርቅም እያመነቱ ጎንበስ አሉ።

«ጅብ ሲራመድ ጥፍሩን አይሰበስብም፤ ያ ከዳር ያለው የጅብ ነው፣ ጥፍሩን ይቁጠሩት። ይኼኛው ግን ጥፍሩን ሰብስቦ ይራመዳል። የሚያወጣው ዛፍ ሲወጣ ነው። አባዬ፣ ይዳስሱት።»

አባቷን ወደ ግንዱ ወሰደቻቸው። አቶ ወዳጆ የተሰነጠቀውን ቅርፊት በጣታቸው ከታች ወደ ላይ ተከተሉት፤ ክንዳቸው እስከደረሰበት። ፊታቸው እንደ ወጣት በራ።

«ነብር ነው። ተመልሶ መጣ!» አሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ልጄ ካየችው እኔ አይቼዋለሁ። የገብረ አማኑኤልን ስም በሐሰት ያነሣ ሁሉ ንስሐ ይግባ።»

እሑድ አገር የለቀቀ የለም። በበጎቹ ማደሪያ ዙሪያ የእሾህ አጥር ታጠረ፤ ነብሩም ወደ ቆላው ሳይወርድ አልቀረም፣ ክረምት ሲገባ ጠፋ።

የወሰንየለሽ ፈተና ግን ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። ክንፈ ሽማግሌ ላከ። አቶ ወዳጆ ሽማግሌውን መለሱ። «ሰውዬው ንጹሕ ነው ማለት ሌላ፣ ልጄን ለቀጥቃጭ መስጠት ሌላ» አሉ። ሁለተኛ ላከ፤ መለሱ። ሦስተኛም መለሱ።

«ክንፈ ነይ እንጥፋ ቢለኝ አልሄድም» አለቻቸው ልጃቸው አንድ ቀን። «እሱም አይለኝም። ጥፋት የለብን፤ ለምን እንደ ጥፋተኛ እንሸሻለን? ሌላ ባል ግን አላገባም። እዚሁ ዓይንዎ ሆኜ አረጃለሁ።»

አላለቀሰችም። አቶ ወዳጆም ልጃቸው እንደማታለቅስ ያውቁ ነበር። ለብዙ ሳምንት የልጃቸውን ቃል ሲያወጡና ሲያወርዱ ከረሙ።

ለዳግማዊ ትንሣኤ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሁሉ ደጁ ተቀምጦ ሳለ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለበሱና «ምሪኝ» አሏት።

«ወዴት፣ አባዬ?»

«ወደ ገብረ አማኑኤል ቤት።»

በሰፈሩ መሐል አለፉ። ሰው ከተቀመጠበት እየተነሣ አያቸው። ቀጥቃጩ እንግዳ ሲያዩ ደንግጠው ከደጃቸው ቆሙ፤ ክንፈም ከውስጥ ወጣ።

«ሽማግሌህን ሦስት ጊዜ መልሻለሁ» አሉ አቶ ወዳጆ። «ዛሬ እኔው ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። ለልጄ ልጅህን ስጠኝ።»

አቶ ገብረ አማኑኤል ከበሩ ገለል ብለው እንግዳውን አስገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ ዳቦ የያዘ መሶባቸውን ወደ ኋላ ሸሸግ አደረጉ። ቡዳ እየተባሉ ማንም ስለማይቀምስላቸው፣ ባልና ሚስቱ እዚያ ሰፈር እንግዳ አብልተው አያውቁም።

አቶ ወዳጆ ግን ሽታው ደርሷቸዋል። መደቡን በበትራቸው ፈልገው ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

«ቁረሱልኝ እንጂ፣ እመቤት» አሉ። «ርቦኛል።»

ወሰንየለሽ ከበሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ውጭ የተሰበሰበው ሰው እያያት፣ ክንፈን በዓይኗ ጠራችው፤ መጥቶም ከጎኗ ቆመ።